ፍሪሲዮን በመደበኛ፣ ፍርሃት በትርፍ ሰዓት፦ ስለ አንድ የድሬዳዋ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ

ባለፈው ዓመት በድሬዳዋ ከተማ በሚገኝ አንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተመዝግቤ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ማሠልጠኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለይቶ የሚጠራ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ «በትምህርት ሰዓትዎ ላይ ሳንሻማ በአጭር ጊዜ ሹፌር እናደርግዎታለን» ይላል። እኔም በጊዜው የሥነ ልቦና ትምህርት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለነበርኩ በዚሁ ጥሪ ተስቤ ሄድኩ፤ አብረውኝ ከሠለጠኑት ውስጥም አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 23 የሚሆን ተማሪዎች ነበሩ። የማሠልጠኛውን ስም የማልጠቅሰው የምነቅፈው ጉድለት በዚያ ግቢ ብቻ የታጠረ ስለማይመስለኝ ነው። ለመመዝገብ ያሰበ ሰው የትኛውም ቦታ ቢሄድ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ካወቀ ይበቃኛል።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ማሠልጠኛው መኪና መንዳትን በሚገባ ያስተምራል፤ በዚህ ረገድ ገንዘቤ አልባከነም። ይሁን እንጂ ለወጣት ደንበኞቹ ከመንዳት ችሎታ ጋር አብሮ የሚሸጠው ድፍረት አለ፤ ይህም ድፍረት ከችሎታው ቀድሞ ይደርሳል። መንገድ ላይ ምን ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድሞ የማየትና ራስን በልክ የመገመት ትምህርት ከአንድ ቀን በስተቀር አላገኘሁም፤ ያም አንድ ቀን የመጣው በአጋጣሚ ነበር።

ስለ ምዝገባው ብዙ የምለው የለኝም። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ትሑቶች ናቸው፤ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፤ የዐይን ምርመራው የት እንደሚደረግም ይጠቁማሉ። ክፍያውን በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር ከመደበኛው ሰዓት በላይ መለማመድ ለሚፈልግ ሰው የነዳጅ ዋጋ ለብቻው እንደሚታሰብ የተነገረኝ ሥልጠናው ከተጋመሰ በኋላ መሆኑ ነው። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ከወር ወጪዬ ላይ አስቀር ነበር፤ የተማሪ ኪስ ድንገተኛ ነገር አይወድም።

የንድፈ ሐሳቡ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። አንድ የጣሪያ ማራገቢያ አለ፤ እርሱም ሙቀቱን ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ያዟዙራል እንጂ አያበርድም። መምህሩ የመንገድ ምልክቶችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል እያመለከተ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ በየፎቶ ኮፒው የሚዞረው የጥያቄና የመልስ ጥራዝ ይታደላል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ሽምደዳ ሙያችን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ጥያቄውን ሳንጨርስ የመልሱን ፊደል የምንጠራ ሆንን፤ ፈተናውንም አብዛኞቻችን በመጀመሪያው ሙከራ አለፍን። የደኅንነት ቀበቶ ማሰርን የሚያስገድደውና እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መያዝን የሚከለክለው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ በዚያ ጥራዝ ውስጥ ያለው ድርሻ ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ሁለቱንም በትክክል መለስኩ። ይህን እዚህ የምመዘግበው በኋላ ስለማነሣው ነው።

በዚሁ ክፍል ስለ መቆሚያ ርቀት የተሰጠው ትምህርት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ነበር፤ ቀመሩ ተጻፈ፣ ተቀዳ፣ ታለፈ። ማታ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ቁጥሩን አስገብቼ ስሠራው ግን እንቅልፌን ቀነሰው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አሽከርካሪው እንቅፋቱን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ 17 ሜትር አልቋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚንሸራተተው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በደረቅ አስፋልት በ40 ፍጥነት 9 ሜትር ያህል የሚበቃው መኪና በ80 ፍጥነት 36 ሜትር ያህል ይጠይቃል ማለት ነው። የሰው ስሜት ግን ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ መሪ ለያዘ ሰው 80 የ40 እጥፍ ሆኖ እንጂ አራት እጥፍ ሆኖ አይሰማውም። አንድ መምህር ይህን በሜዳ ላይ በኖራ ቢያሰምርልን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ሽምደዳ ይሻል ነበር።

ወደ ተግባር ሥልጠናው ስመጣ ምስጋናዬን መሰሰት አልችልም። መኪናዋ ያረጀች ዲኤክስ ናት፤ በአሠልጣኙ በኩል ተጨማሪ የፍሬን መርገጫ የተገጠመላት፣ በሮቿ በጉልበት የሚዘጉ፣ ሞተሯ ግን የሚያኮራ። አሠልጣኛችን በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ የማይቆጣ፣ ሁሉንም ሠልጣኝ «ልጄ» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ፍሪሲዮንን ያስተማረን እግራችንን በማየት አልነበረም። ዐይናችንን ጨፍነን፣ መኪናዋ በፍሬን እንደተያዘች እግራችንን ቀስ እያደረግን ስናነሣ የሞተሩ ድምፅ ወፈር የሚልበትንና አፍንጫዋ ቀና የምትልበትን ቅጽበት እንድናዳምጥ ያደርገን ነበር። «ያዝኩሽ ስትልሽ ነው የምትለቂያት» ይላል። ዳገት ላይ ማስነሣትን ሲያለማምድ ደግሞ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ባዶ ሃይላንድ ያስቀምጣል፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ሃይላንዱን ካደቀቀችው ሠልጣኙ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። እኔ አራት ጊዜ ጋብዣለሁ፤ በአምስተኛው ሃይላንዱ ዳነ። ፓርኪንግም ቢሆን በስፖኪዮ ብቻ እየተመለከትን በሁለት ኮን መካከል እንድንገባ እስኪሰለቸን ድረስ አሠርቶናል።

የከተማው ውስጥ ልምምድም በሚገባ የታሰበበት ነው። የምድር ባቡሩ ያወረሰን የከዚራ መንገድ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና በዛፍ ጥላ የተሸፈነ በመሆኑ ለጀማሪ ይመቻል፤ መጀመሪያ እዚያ ይወስዱናል። ከዚያም ድልድዩን ተሻግረን ወደ መጋላ ስንገባ ሌላ ዓለም ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ጋሪ፣ ሸቀጥ የተሸከመ ሰው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ባጃጅ። አሠልጣኙ «ባጃጁ ወዴት እንደሚታጠፍ እኛም አናውቅም፣ እርሱም አያውቅም» እያለ ያስቀን ነበር። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ማስተማሪያ ሊሆን የሚችለውን ጥያቄ በሳቅ ዘግቶታል። ባጃጁ ሊታጠፍ መሆኑን የሚያሳብቁ ምልክቶች አሉና፤ ተሳፋሪው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ሹፌሩ አንገቱን ወደ መንገድ ዳር ሲመልስ፣ የፊት ጎማው ትንሽ ሲያዘነብል። እነዚህን ለማየት የተማርኩት ከሌላ ሰው ነው፤ እደርስበታለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከኋላ ወንበር ነው። በማሠልጠኛው አሠራር አንዱ ሠልጣኝ ሲነዳ አራቱ ከኋላ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ የተደረገ እንደሆነ ይገባኛል፤ ከሌላው ስሕተት መማርም ይቻላል ይባላል። ነገር ግን ከኋላ የሚቀመጡት የአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም የአንድ ዶርም ልጆች ናቸው። ከእኛ ቡድን አንዱ፣ ብቻውን ከአሠልጣኙ ጋር ሲሆን ፍሬቻ ሳያሳይ የማይታጠፍ ጭምት ልጅ፣ ጓደኞቹ ከኋላው ሲሰበሰቡ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። «አቦ ስጣት እንጂ!» ይሉታል፤ ይሰጣታል። አንድ ቀን ከሳቢያን ስንመለስ ፊት ለፊት አይሱዙ እየመጣ ባጃጅ ደርቦ አለፈ። አሠልጣኙ ፍሬኑን አልረገጠም፣ ምክንያቱም ቦታው በጥቂቱ በቅቶ ነበር። የተናገረው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ይኸውላችሁ፣ እሱ ሹፌር ሆኗል!» አለ። ከኋላ ተጨበጨበ።

በዚያው ሰሞን ለክፍል ሥራ ያነበብኩት አንድ ጥናት ይህን ትዕይንት ቀድሞ ያየው ያህል መሰለኝ። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ባሳተሙት ሥራ፣ ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22 እና ከ24 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ ፈተኗቸው፤ መብራቱ ቢጫ ከሆነ በኋላ ግድግዳ ሳይመጣ መኪናውን እስከ የት ድረስ እንደሚነዱ ለኩ። ብቻቸውን ሲጫወቱና ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲያዩአቸው ውጤቱ ተወዳደረ። ታናናሾቹ ጓደኛ ሲኖር እጅግ ደፈሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ የሚገኙትም ደፈሩ፤ በዐዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ለውጥ አላመጣም። የእኛ ማሠልጠኛ ሳያስበው ያንኑ ሙከራ በእውነተኛ መንገድ ላይ፣ ከእውነተኛ አይሱዙ ፊት ይደግመዋል ማለት ነው፤ ሽልማትም ይጨምርበታል።

ሙገሳውን የምነቅፈው ሠልጣኝ መበረታታት የለበትም ብዬ አይደለም። በፍርሃት መሪ ጨምድዶ የሚይዝ ጀማሪም አደጋ ነው። ችግሩ ችሎታን የሚያሳድግ ሥልጠና ስለ ችሎታው ያለንን ግምት ከዚያ በላይ ሊያሳድገው መቻሉ ነው። ኖርዌይ በ1979 ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መኪና የመቆጣጠር ሥልጠናን ግዴታ አድርጋ ነበር፤ በኋላ ውጤቱ ሲገመገም ግን በወጣት ወንዶች ዘንድ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ ጨምሮ ተገኘ። የመንሸራተት ዘዴውን ያወቀ ወጣት መንገዱን መፍራት ተወ። ስዊድናዊው ኒልስ ፔተር ግሬገርሰን ደግሞ በ1996 ባሳተመው ሙከራ ወጣቶችን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ዘዴውን እስኪችል አሠለጠነው፤ ሌላውን ቡድን ችሎታው የት ላይ እንደሚያልቅ አሳየው። ሲፈተኑ በሁለቱ መካከል የችሎታ ልዩነት አልተገኘም፤ የመጀመሪያው ቡድን ግን ራሱን ከሁለተኛው አብልጦ ገመተ። ይህን ያነበበ ሰው «በአጭር ጊዜ ሹፌር እናደርግዎታለን» የሚለውን ማስታወቂያ በሌላ ዐይን ያየዋል።

አሁን ወደዚያ አንድ ቀን ልመለስ። በአራተኛው ሳምንት አሠልጣኛችን ለቅሶ ነበረበትና በምትኩ አንድ አዛውንት መጡ። በሐረርና በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በማሠልጠኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ገና መኪናዋ ሳትነሣ ለአምስታችንም ብጣሽ ወረቀት አደሉንና «ከእናንተ ከአምስቱ ማን ነው በጥንቃቄ የሚነዳው? ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ጻፉልኝ፤ ለማንም አላሳይም» አሉ። ወረቀቱን ሰብስበው አዩና ኪሳቸው ከተቱት። ከጥቂት ዝምታ በኋላ «ልጆቼ፣ እዚህ መኪና ውስጥ አራት አንደኛ አለ» አሉ።

ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ፤ ራሳቸውን አንደኛ ብለው ከጻፉት አንዷ ነበርኩ። ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1981 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ራሳቸውን ከሌሎቹ ጋር እንዲያወዳድሩ ጠይቆ ነበር፤ በመንዳት ችሎታ ራሳቸውን ከመካከለኛው በላይ ያስቀመጡት ከአሜሪካውያኑ 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ 69 በመቶ ሆኑ። ይህን ቁጥር ለፈተና አጥንቼው በቃሌ እለዋለሁ። አዛውንቱ ጥናቱን ሰምተውት አያውቁም ይሆናል፤ በብጣሽ ወረቀት ግን በእኔ ላይ ደገሙት። ስለ ሌሎች ሲነገር የሚገባን ነገር በራሳችን ላይ ሲደርስ እንዴት ባዕድ እንደሚሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ወደ ደንገጎ ይዘውን ወጡ። ለአካባቢው እንግዳ ለሆነ አንባቢ፣ ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በደንገጎ ኩርባዎች እየተጠማዘዘ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የድሬዳዋው፣ መኪና የተዋሰ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ መንገድ ነው። ጫት የጫኑ መኪኖች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ይሽቀዳደሙበታል፤ የአይሱዙ ጭነት መኪናን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የጠራውም በከንቱ አይደለም።

መውጣቱን እኔ ነዳሁ፤ አላስቸገረኝም። መውረድ ላይ አዛውንቱ በሁለተኛ ማርሽ እንድይዛት አዘዙኝ። ሞተሩ ጮኸ፤ ከኋላ ያለው ጓደኛችን «ጋሼ፣ ነጻ ብታደርጋት ነዳጅ አይቆጥብም?» ሲል ጠየቀ። መልሳቸውን ለመስጠት አልቸኮሉም። አንድ ኩርባ እንዳለፍን ከፊታችን የሚወርድ ከባድ መኪና ነበር፤ ከጎማዎቹ አካባቢ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል። መስኮቱን እንድናወርድ አደረጉን። «ይህን ሽቱ» አሉ። ከዚያ አስረዱን፤ ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ ቁልቁለቱን በሙሉ እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቅተዋል፣ የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ደግሞ መርገጫው እንደ ጥጥ ይሰምጣል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪናን ግን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። «ነጻ ያደረግሃት ቀን ነዳጅ ትቆጥባለህ፤ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያስተሳስረውን ገመድ በገዛ እጅህ በጥሰህ ማለት ነው» አሉት። ልጁ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ሌላ ማሠልጠኛ ውስጥ ሲደረግ ግን አልሰማሁም። የምናየውንና ሊመጣ ይችላል ብለን የምንጠረጥረውን ጮክ ብለን እየተናገርን እንድንነዳ አደረጉን። «ልጅ በግራ አለ፤ ፍየሎቹ በቀኝ ናቸው፤ ልጁ ወደ ፍየሎቹ ሊሻገር ይችላል፤ ፍጥነት እቀንሳለሁ።» መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆናል። እኔ ለሦስት ሳምንት የነዳሁት የፊቴን መኪና ኋላ እያየሁ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ ባጃጁ ተሳፋሪ እጅና ስለ ፊት ጎማው የነገሩኝም ከተማ ከተመለስን በኋላ፣ አሸዋ ገበያ አጠገብ ነው።

ሌላም ነገር አነሡ። የተማሪዎች ልምምድ በአብዛኛው የሚያዘው ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ድረስ ነው። ድሬዳዋን ለሚያውቅ ያ የበርጫ ሰዓት ነው። ከእኛ ውስጥ ቅሞ የሚመጣ ነበር፤ ማሠልጠኛውም ይህን እያየ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ይህ በእኔ ግምት ትልቁ ጥፋቱ ነው። ጓደኛችን «ምርቃና ላይ ስሆን የበለጠ ነው የምነቃው» ብሎ ተከራከረ። አዛውንቱ አልገሠጹትም፤ እርሳቸውም በዕድሜያቸው ሙሉ ሲቅሙ የኖሩ መሆናቸውን አልደበቁም። «ትነቃለህ፤ እኔ ስነቃ ነበር። ግን የሚነቃው ልብህ ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይቻላል። መንገዱ ደግሞ ሁሉን ነገር አይችልም» አሉት። ከዚያም ጨምረው የባሰው ሰዓት ምርቃናው የሚወርድበት፣ ማታ ከሐረር የሚመለሱበት ሰዓት እንደነበር ነገሩን። በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ሲመጣ አያንኳኳም አሉ።

የተግባር ፈተናውን ከአምስታችን አራታችን በመጀመሪያው ቀን አለፍን፤ ያለፍነው በዋናው አሠልጣኛችን ትጋት ነው፤ ይህን መካድ ነውር ይሆናል። ፈተናው የሚመዝነው እጅና እግርን ነውና በዚያ ተዘጋጅተን ነበር። ይሁንና የተፈታኙ ዐይን ምን እንዳየ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ማሠልጠኛው ለዚያ ጊዜ አለማባከኑ ከንግድ አንጻር ሲታይ ይገባኛል።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ካልነገርኩ ግምገማዬ ሐሰት ይሆናል። ፈቃዴን ባወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ የአጎቴን መኪና ይዤ በከዚራ ስሄድ፣ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ ብልጭ አለ። የዶርም ጓደኛዬ በቴሌግራም ውጤት መለጠፉን እየነገረችኝ ነበር። ያነበብኩት ስድስት ቃል ነው። ቀና ስል ከፊቴ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ ለማውረድ ቆሟል፤ ፍሬን ያዝኩ፤ አልበቃም። ፍጥነቴ ዝቅተኛ ስለነበር የተሰበረው የኋላ መብራቱና የእኔ ቅስም ብቻ ነው፤ ተሳፋሪዋ እናት «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈናል ልጄ፣ አታልቅሺ» እያሉ እኔን ያጽናኑ ነበር። መብራቱን ከፍዬ ተለያየን። የዓለም ጤና ድርጅት እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለግጭት ያለው ተጋላጭነት ከማይጠቀመው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ይገልጻል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑንም እንዲሁ። ሁለቱንም በጽሑፍ ሥራዬ ላይ ጠቅሻቸው አውቃለሁ። ስለ ስልክ የቀረበውን ጥያቄም በትክክል መልሼ እንዳለፍኩ ከላይ ተናግሬአለሁ። መልሱን ማወቄ ጭኔ ላይ ያለውን ስልክ ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አላስገባልኝም፤ በዚያች ቅጽበት አደጋ የሌሎች ሰዎች ነገር ነበር።

ስለዚህ ለመመዝገብ ለሚያስብ ተማሪ የምለው ይህን ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፓርኪንግና ዳገት ለመማር ማሠልጠኛው ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ከአገልግሎቱ ጋር ይመጣጠናል። ለሴት ሠልጣኞች የሚያሳዩት አክብሮትም ሊመሰገን ይገባል፤ አንድም ቀን «ሴት ናት» የሚል ነገር ከአሠልጣኞቹ አፍ አልሰማሁም፤ የሰማሁት ከኋላ ወንበር ነው። ይሁን እንጂ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው በአንድ መኪና እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ ቢቻል ከዶርም ጓደኛችሁ ጋር በአንድ ቡድን አትግቡ። የጠዋቱን ፈረቃ ምረጡ። ደንገጎን የማያስወርድ ማሠልጠኛ በድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ግማሽ ሥልጠና ነው የሚሰጠው፤ ይህንንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የትርፍ ሰዓት የነዳጅ ክፍያውን በጽሑፍ አሰጡ። ለባለቤቶቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያ ብጣሽ ወረቀት ከአንድ ደብተር ሉሕ በላይ ዋጋ የለውም፣ እየተናገሩ መንዳትም ተጨማሪ ነዳጅ አይፈጅም፤ ታዲያ በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ወቅሼ ሳበቃ ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜን ወደዚያው ማሠልጠኛ ወስጄ አስመዘገብኩት። ጸሐፊዋ ከሰዓት በኋላ ካለው የተማሪዎች ቡድን ጋር ልትጽፈው ስትል አስቆምኳትና አዛውንቱ አሁንም ይሠሩ እንደሆነ ጠየቅኋት። ቅዳሜ ብቻ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ አለችኝ፤ ብዙ ሰው ስለማይፈልገው ቦታ አለ። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት መተኛት እንደሚወድ እያጉረመረመ ፈረመ።